እስከ ዐሥረኛው እርምጃ ሊቅ

ቼዝ ከሚያጠኑ ሰዎች መካከል አንድ ለየት ያለ ወገን አለ። ይህ ወገን እስከ ዐሥረኛው እርምጃ ድረስ ሊቅ ነው። ሰሌዳው ተዘርግቶ ጠጠሮቹ እንደተደረደሩ አይተክዝም፣ አያመነታም፤ ወታደሩን ይሰድዳል፣ ፈረሱን ያወጣል፣ ጳጳሱን ያሰማራል፤ ይህን ሁሉ የሚያደርገው ቡናውን እያማሰለ ነው። ተቀናቃኙ ገና እጁን ሲያነሳ «አሃ! ሲሲሊያን፣ ያውም ድራጎን!» ብሎ ስም ያወጣለታል። የመክፈቻዎቹን ስም ከነቅርንጫፋቸው ያውቃል፤ ጃርት አለ፣ ኦራንጉታን አለ፣ በጾም ወራት ስሙን ለመጥራት እንኳ የሚያሳቅቅ «የተጠበሰ ጉበት» የሚባል ጥቃትም አለ። ጣጣው የሚመጣው በዐሥራ አንደኛው እርምጃ ነው፤ ያጠናው ገጽ እዚያ ላይ ያልቃል። ከዚያም የከፋው፣ ተቀናቃኙ ያንን መጽሐፍ አላነበበ እንደሆነ በአራተኛው እርምጃ ላይ መጽሐፉ ያልጠቀሰውን ተራ ነገር ይጫወትበታል። ያን ጊዜ ሊቃችን ይቆጣል። «እንዲህማ አይኬድም!» ይላል። ለምን እንደማይኬድ ሲጠየቅ መልሱ «አይኬድማ!» ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ጨዋታ ስንት ደቂቃ ፈጅቶ እንደሚሸነፍ መገመት አያዳግትም። ሲሸነፍ ግን «በመክፈቻው በልጬው ነበር» ማለቱ አይቀርም።

የእኔ ክርክር እንዲህ ነው። የውድድር ጨዋታ የሁለት ሰዎች ሙግት ነው፤ እያንዳንዱ እርምጃ ወይ ጥያቄ ነው ወይ መልስ። ጥያቄውን ያልሰማ ሰው መልሱን በቃሉ ቢይዘው፣ ያው ጥያቄ በሌላ አነጋገር በተጠየቀ ቀን አፉ ይያዛል። ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፣ የመክፈቻ ሥሩ ምክንያቱ ነው፤ ምክንያቱ የተረሳ ወይም ከመነሻውም ያልታወቀ እርምጃ፣ ትክክል ሆኖ እንኳ ቢገኝ፣ የተጫዋቹ ንብረት አይደለም። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚለው ተረት ለቼዝ ተጫዋቾች የተነገረ ይመስላል። ይህን ለማስረዳት አንድ ጨዋታ ይበቃል፤ እሱም በዝግጅት ብዛት ስሙ ከሁሉ በላይ የሚነሳው ነው።

ጨዋታው የተደረገው ኦክቶበር 23 ቀን 1918 ነው፤ በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሊያበቃ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ በኒው ዮርክ በማንሃታን ቼዝ ክለብ ውድድር ላይ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ተቀመጡ። ነጩን የያዘው የኩባው ሆዜ ራውል ካፓብላንካ ሲሆን፣ ከሦስት ዓመት በኋላ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። ጥቁሩን የያዘው የአሜሪካው ሻምፒዮን ፍራንክ ማርሻል ነው፤ ማጥቃት የሚወድ፣ መከላከል የሚሰለቸው ሰው። ሁለቱ ቂም ነበራቸው ማለት ቢያስቸግርም ሒሳብ ግን ነበራቸው። በ1909 ባደረጉት ግጥሚያ የሃያ ዓመቱ ካፓብላንካ ስምንት ጊዜ አሸንፎ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ተሸንፎ፣ ዐሥራ አራቱን አቻ ወጥቶ ማርሻልን አዋርዶታል። አፈ ታሪኩ እንደሚለው ማርሻል ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ምስጢራዊ ጥቃት ሲያበጅ፣ ሲያሻሽልና ሲደብቅ ዘጠኝ ዓመት ቆየ፤ ለማንም አላሳየውም፤ ለካፓብላንካ ብቻ አስቀመጠው። ታሪኩ ያምራል፤ ችግሩ ተመሳሳዩ ሐሳብ ካፓብላንካ ገና ሕፃን ሳለ፣ ያውም በትውልድ ከተማው በሃቫና፣ በ1893 በተደረገ ጨዋታ ላይ ታይቶ መገኘቱ ነው። ዘጠኝ ዓመቱ ተረት ይሁን እንበል፤ ማርሻል በቤቱ ተዘጋጅቶ መምጣቱን ግን የተጠራጠረ የለም። የሚገርመው የሸምዳጆች ወገን ይህን ታሪክ በፍቅር የሚያወራው መሆኑ ነው። ዘጠኝ ዓመት አጥንቶ የተሸነፈ ሰው ታሪክ ሊያስደነግጣቸው ሲገባ፣ እያንዳንዳቸው በልባቸው «እኔ ብሆን ዐሥር ዓመት አጠና ነበር» ይላሉ።

መክፈቻው ሩይ ሎፔዝ ይባላል፤ ስሙን ያገኘው በ1561 የቼዝ መጽሐፍ ካሳተመው ስፔናዊ ቄስ ነው፤ በእኛ አገር አፄ ሚናስ ነግሠው በነበሩበት ዘመን መሆኑ ነው። ቄሱ ስለ እርምጃዎች ብቻ አልመከሩም፤ ተቀናቃኝህን ፀሐይ ዓይኑን እንድትወጋው አድርገህ አስቀምጠው የሚል ምክርም ይነገርላቸዋል። ምክንያቱ ለማንም ግልጽ የሆነ፣ መሸምደድ የማያስፈልገው የመክፈቻ ዕውቀት ቢኖር ይህ ነው። የ1918ቱ ጨዋታ እስከ ሰባተኛው እርምጃ ድረስ በተለመደው መንገድ ሄደ፤ ሁለቱም ንጉሦቻቸውን አስጠለሉ። በስምንተኛው ላይ ማርሻል ከንግሥቲቱ ፊት ያለውን ወታደር ሁለት ካሬ ወረወረ። መዘዙ ሲጣራ ጥቁር አንድ ወታደር በነጻ ሰጠ ማለት ነው። ለምን? ሰሌዳውን ማየት ነው። ነጭ ወታደሩን ለመብላት ሲል የንጉሡን ጠባቂ ፈረስ አጥቷል፤ በግራ በኩል ያሉት ግንብ፣ ፈረስና ጳጳስ ደግሞ ከመኝታቸው አልተነሡም። ጥቁር በአንድ ወታደር ዋጋ የገዛው ጊዜ ነው። የማርሻል ጥያቄ እንግዲህ ይህ ነበር፤ «ሠራዊትህ ከእንቅልፉ ሳይነቃ ንጉሥህን ብይዘውስ?»

ካፓብላንካ ወታደሩን ከመብላቱ በፊት አሰበ። በኋላ በጻፈው ማብራሪያ ላይ ተቀናቃኙ አንድ በአንድ ወደሚያውቀው ወጥመድ እየገባ መሆኑን እንደተረዳ፣ ግን የፍልሚያ ወኔው እንደተቀሰቀሰበትና ፈተናውን ላለመሸሽ እንደወሰነ ገልጿል። ከዚያ በኋላ የሆነውን ቀስ ብሎ ማየት ያሻል። በዐሥራ ሦስተኛው እርምጃ የማርሻል ፈረስ ከነጭ ንጉሥ ደጃፍ ዘሎ ተቀመጠ፤ ዳር ላይ ያለ ተራ ወታደር ሊበላው ይችላል። ካፓብላንካ አልበላውም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና ንግሥቱን ለጥበቃ ወደ ቀኝ አወጣ፤ በሚቀጥለውም እርምጃ የመሐሉን ወታደር ገፍቶ ለተኛው ጳጳሱ በር ከፈተለት። ፈረሱ ይባስ ብሎ ከንጉሡ አጠገብ ያለውን ወታደር በላ፤ አሁን ንግሥቲቱ ልትበላው ትችላለች። ካፓብላንካ አሁንም አልበላም፤ ግንቡን አንድ ካሬ ብቻ ገፋ አደረገ። እርምጃዎቹን ብቻ ለሚሸመድድ ሰው ይህ «ዐሥራ ስድስት፦ ግንብ አንድ ካሬ» ነው፤ ጽፎ ያልፈዋል። የጨዋታው ወርቅ ያለው ግን ባልተደረገው እርምጃ ውስጥ ነው።

ንግሥቲቱ ፈረሱን በልታው ቢሆን ኖሮስ? የማርሻል ጳጳስ ሁለት መንገድ ነበረው። አንደኛው በቀጥታ ከንግሥቲቱ ፊት ገብቶ እሷን ማስጨነቅ ነው። ይህ ግሩም ይመስላል፤ ነገር ግን ጥቁርን ይገድላል። ነጭ ንግሥቱን ለመሥዋዕት አቅርቦ ከጥቁር ንጉሥ አጠገብ ያለውን ወታደር ይበላባታል፤ የጥቁር ግንብ እሷን ከመብላት ሌላ የሚያዋጣ ምርጫ የለውም፤ በበላ ቅጽበት የነጭ ግንብ እስከ መጨረሻው መስመር ወርዶ ማት ይላል። የጥቁር ግንብ ተመልሶ እንዳያድን የነጭ ጳጳስ ከሩቅ ሆኖ ከቦታው ቸንክሮታል። ሁለተኛው መንገድ ጳጳሱ መጀመሪያ ንጉሡን ቼክ ብሎ አንድ ካሬ ወደ ጎን ካስወጣው በኋላ፣ ወደዚያው ቦታ ተመልሶ ንግሥቲቱን ማስጨነቅ ነው። በሰሌዳው ላይ የተለወጠው የነጭ ንጉሥ በአንድ ካሬ ፈቀቅ ማለቱ ብቻ ነው። ያች አንድ ካሬ ግን ሁሉን ትገለብጣለች፤ አሁን ነጭ ያንኑ የንግሥት መሥዋዕት ቢሞክር፣ የጥቁር ግንብ እሷን ሲበላ በዚያው ንጉሡን ቼክ ስለሚል ነጭ ማቱን ለመፈጸም ፋታ አያገኝም። እንግዲህ ሁለት ተማሪዎችን እናስብ። አንዱ «ቼክ፣ ከዚያ ተመለስ» ብሎ ሸምድዷል፤ ሌላው ንጉሡ ለምን ከዚያ ካሬ መነሣት እንዳለበት ገብቶታል። የመጀመሪያው በውድድር ቀን ልቡ ሲመታ ቅደም ተከተሉን ያፋልስና ያሸነፈውን ጨዋታ በሦስት እርምጃ ማት ይባልበታል፤ ሁለተኛው ቅደም ተከተሉን ረስቶት እንኳ ቁጭ ብሎ እንደገና ይፈጥረዋል።

የጨዋታው ቀሪ ታሪክ ለመጽሐፍ ሕግ ተገዢዎች ሌላ ሐዘን ነው። ሁሉም የጀማሪ መጽሐፍ «ጦርነት ከመጀመርህ በፊት ጠጠሮችህን ሁሉ አውጣ» ይላል። የካፓብላንካ የግራ ግንብ ለመጀመሪያ ጊዜ የተንቀሳቀሰው በ31ኛው እርምጃ ነው፤ የግራ ፈረሱ ደግሞ ከጋጣው የወጣው በ32ኛው። በዚያን ጊዜ ጨዋታው ሊያልቅ አራት እርምጃ ነበር የቀረው። ሰውዬው ሕጉን አጥቶት አልነበረም፤ ሕጉ የተሠራበትን ምክንያት ስላወቀ ለጊዜው ያቆየው ነው። መጀመሪያ ከቤቱ የገባውን እሳት አጠፋ፤ የማርሻል ንግሥትና ጳጳስ ከነጭ ሰፈር ጥልቅ ገብተው መውጫ ሲያጡ፣ እሱ በሌላው ዳር ወታደሮቹን እየገፋ ሄደ። በ36ኛው እርምጃ ነገሩ አለቀ። ዝግጅቱ የማርሻል ነበር፤ ምክንያቱ የካፓብላንካ።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ተቃውሞ ይነሳል። «ካፓብላንካ እኮ ካፓብላንካ ነው! አባቱ ሲጫወቱ እያየ በአራት ዓመቱ ቼዝ የተማረን ሰው ለእኛ ምሳሌ ማድረግ ፌዝ ነው። እኛ ሟቾቹ ካልሸመደድን በምን እንዳን?» ይላሉ። ተቃውሞው ግማሽ እውነት አለው፤ ያን ቀን በካፓብላንካ ወንበር ላይ ሌላ ሰው ቢቀመጥ ምናልባት በሃያኛው እርምጃ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር። ግን የእኛ ጉዳይ ጨዋታውን መጫወት ሳይሆን ማጥናት ነው፤ በጥናት ጊዜ ሰዓት አይቆጥርብንም፣ ማርሻልም ፊታችን ተቀምጦ ሲጋራውን አያጨስብንም። እሱ በደቂቃዎች ያየውን እኛ በሳምንት ብናየው ማንም አይከሰንም። ደግሞም ያየው ነገር ሲዘረዘር አስማት የለበትም፤ የተሰጠኝ ስጦታ ለምን ተሰጠኝ? ብበላው ቀጥሎ ምን ይሆናል? የትኛው ጠጠሬ ተኝቷል? እነዚህ የሊቅ ጥያቄዎች አይደሉም፤ ገበያ ወጥቶ ዋጋው አለመጠን የረከሰ በግ የቀረበለት ማንኛውም ሰው የሚጠይቃቸው ናቸው። የሊቁ ልዩነት ሳይሰንፍ በየእርምጃው መጠየቁ ነው።

የተሸናፊውን ወገን ረስተን ብንሄድም ግማሹን ትምህርት ጥለን ሄድን ማለት ነው። ማርሻል ተሸነፈ እንጂ ጥያቄው አልተሸነፈም። በኋላ ዘመን ጥቁሮች ያንኑ ወታደር እየሰጡ፣ ግን በዐሥራ አንደኛው እርምጃ ፈረሱን ወደኋላ ከመመለስ ይልቅ አንድ ትንሽ ወታደር በአንድ ካሬ ገፍተው እዚያው ባለበት መደገፍ ጀመሩ፤ ጥቃቱም ነፍስ ዘራ። በ1965 በትብሊሲ ቦሪስ ስፓስኪ ይህን ጥቃት በሚካኤል ታል ላይ ደጋግሞ ተጠቀመበት፤ በአጥቂነቱ ዓለም የሚፈራው ታል ራሱ ተከላካይ ሆኖ ለመቀመጥ ተገደደ፤ ግጥሚያውንም ስፓስኪ አሸነፈ። በ1993 ጋሪ ካስፓሮቭ ከናይጀል ሾርት ጋር በለንደን ሲጋጠም፣ በስምንተኛው እርምጃ የዳሩን ወታደር በመግፋት ጥቃቱን ገና ከደጁ የሚያስቀር መንገድ መርጧል። የማርሻልን የእርምጃ ቅደም ተከተል የሸመደደ ሰው በ1918 በተሸነፈበት መንገድ ዛሬም ይሸነፋል፤ ሐሳቡን የያዙት ግን አሻሽለው ከመቶ ዓመት በላይ ኖሩበት።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከኮምፒዩተር ዘመን የመጣ ነው፤ ከበድም ይላል። «ምክንያት ምክንያት ትላለህ፤ በ1997 ዲፕ ብሉ የተባለው ኮምፒዩተር ካስፓሮቭን ያሸነፈው በተሸመደደ እርምጃ አይደለም ወይ?» ይሉኛል። እውነት ነው። በስድስተኛውና በመጨረሻው ጨዋታ ካስፓሮቭ ካሮ ካን የሚባለውን መከላከያ ተጫወተ፤ ማሽኑ በስምንተኛው እርምጃ ፈረሱን መሥዋዕት አደረገ፤ ያ መሥዋዕት ከማሽኑ የመክፈቻ መዝገብ የተወሰደ ነበር። የዓለም ሻምፒዮኑ በ19 እርምጃ እጁን ሰጠ። ስለ ሽምደዳ ከዚህ የበለጠ ጠበቃ አይገኝም። ነገር ግን ጠበቃውን መስቀለኛ ጥያቄ እንጠይቀው። ካስፓሮቭ የተመታው በምን ነበር? ጳጳሱን አስቀድሞ ማውጣት የተለመደበት ቦታ ላይ የዳሩን ወታደር አስቀድሞ በመግፋቱ ነው፤ ይኸው ደግሞ ቅደም ተከተል፣ ይኸው ደግሞ ያች የአንድ እርምጃ ልዩነት። ፈረሱን የመሠዋቱን ምክንያት ማሽኑ ባያውቀውም፣ በመዝገቡ ውስጥ ያስገቡት ሰዎች ግን አሳምረው ያውቁት ነበር። ሌላም አለ፤ ማሽን የያዘውን አይረሳም፣ አይደነግጥም፣ እሑድ ጠዋት ራሱን አያመውም። እነዚህን ሦስት ነገሮች አሟላለሁ የሚል ሰው ካለ ያለ ምክንያት ይሸምድድ፤ እኔ አልከለክለውም።

ሦስተኛውን ተቃውሞ የማነሳው ራሴ ነኝ፤ ምክንያቱም ከሁሉ ይልቅ የማከብረው እሱን ነው። ያለ ቃል ጥናት ዕውቀት ከየት ይመጣል? የእኛ የአብነት ትምህርት ቤት ይህን አሳምሮ ያውቃል። ተማሪው ዳዊት የሚደግመው ትርጓሜው ገና ሳይገባው ነው፤ ቅኔ ቤት ሲገባም ግሱን በቃሉ ያወርዳል። ሽምደዳ ነው፤ ግን እዚያ ላይ አያቆምም። ማታ የቆጠረውን ቅኔ ይዞ ከመምህሩ ፊት ሲቀርብ የሚጠበቅበት አዲስ ነው፤ ትናንት የተባለውን፣ ሌላው የተቀኘውን ደግሞ ቢያቀርብ ማንም «በቃልህ ይዘኸዋል፣ በርታ» አይለውም። ግሱ በቃል ይያዛል፤ ቅኔው ይፈጠራል። የመክፈቻ እርምጃዎች ግስ ናቸው፤ ጨዋታው ቅኔ ነው። ሊቃችን የተሳሳተው ግስ በማውረዱ አይደለም፤ ግስ እያወረደ የተቀኘ ስለመሰለው ነው። በሰሙ ረክቶ ወርቁን ሳይጠይቅ ከጉባኤው ወጣ።

እንዲያውም አባቶቻችን ለዚህ በሽታ መድኃኒት ነበራቸው ብል ማጋነን አይሆንም። የእኛ አገር የጥንት ቼዝ በሆነው በሰንጠረዥ፣ በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ዋልተር ፕላውደንና በኋላም ሪቻርድ ፓንክረስት እንደመዘገቡት፣ ጨዋታው ሲጀመር ተራ የሚባል ነገር አልነበረም። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ፣ በፈለጉት ፍጥነት፣ የፈለጉትን ያህል ጠጠር ያንቀሳቅሱ ነበር፤ ይህም ወረራ ይባል ነበር። አንዱ የሌላውን አሰላለፍ በዓይኑ እየተከተለ የራሱን ያስተካክል፣ ያፈርስ፣ እንደገና ይሠራ ነበር። እስቲ ይህን መክፈቻ ሸምድዱ! «በሰባተኛው እርምጃ እንዲህ ይኬዳል» የሚል ሰው እዚያ ቢቀርብ፣ ሰባተኛው የቱ እንደሆነ እንኳ የሚነግረው አያገኝም። የሚያዋጣው አንድ ብቻ ነው፤ ተቀናቃኙ ምን አስቦ እንደሚሰለፍ ማየት። በ1996 በቦነስ አይረስ ቦቢ ፊሸር ሽምደዳ ቼዝን ገደለው ብሎ የኋላ መስመር ጠጠሮች በዕጣ የሚደረደሩበትን፣ 960 አነሳስ ያለውን ጨዋታ ሲያውጅ ዓለም አዲስ ነገር ሰማሁ አለ። በሽታውን ግን የሰንጠረዥ ተጫዋቾች ያለ ዕጣ አስቀድመው ተገላግለውት ነበር። ይህን የምለው ወደ ሰንጠረዥ እንመለስ ለማለት አይደለም፤ መክፈቻ የሚባለው ነገር ከመነሻው የተቀናቃኝን ሐሳብ የማንበብ ሥራ መሆኑን ለማስታወስ ነው።

ታዲያ እንዴት ይጠና? ጨዋታውን ከፊት አስቀምጦ የአሸናፊውን እርምጃ በወረቀት ሸፍኖ፣ መጀመሪያ የራስን መገመት ነው። ግምቱ ሲሳት «እሱ ለምን ይህን መረጠ?» ከማለት በፊት «የእኔ ለምን አይሆንም?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል፤ ተቀናቃኝ የሚጫወትብን አብዛኛውን ጊዜ መጽሐፍ የናቀውን እርምጃ ስለሆነ፣ የተናቀበትን ምክንያት ማወቅ የተመረጠውን ከማወቅ በላይ እንጀራ ይሆናል። ከዚያ የተሸናፊውን ወገን ይዞ እንደገና ማየት፤ ማርሻል የት ላይ ሌላ መንገድ ነበረው? በዚህ ዓይነት አንድ ጨዋታ አንድ ወር ቢፈጅ ኪሳራ የለውም። ኮምፒዩተሩ መልሱን በሰከንድ ይነግራችኋል፤ መልሱ ከእናንተ ጥያቄ በኋላ ይምጣ እንጂ እሱንም መጠየቅ ነውር የለበትም። እንዲህ ያጠና ሰው ሁልጊዜ ያሸንፋል ብዬ ቃል አልገባም፤ ካፓብላንካም ተሸንፎ ያውቃል። ነገር ግን በራሱ ሐሳብ የተሸነፈ ሰው የትኛው ሐሳቡ እንዳልሠራ ስለሚያውቅ ለነገ የሚያርመው ነገር አለው። በተሸመደደ እርምጃ የተሸነፈው ግን ስሕተቱን የሚፈልገው ከመጽሐፉ ደራሲ ዘንድ ነው፤ ደራሲው ደግሞ በዚያ ጨዋታ ላይ አልነበረም።